ትኬት የተቆረጠለት ምንጣፍ

“ዘንድሮ ብርዱ ቀደም ብሎ ገባ መሰለኝ፣ አያና። ጠዋት ስወጣ ሐዲዱ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። እናንተ ዘንድማ ሜዳ ስለሆነ ይብሳል… የአባትህ ጤፍ ታጨደ? አይ፣ ተው፣ አትመልስልኝ። አፍህን በከፈትክ ቁጥር ጎንህ ይወጠርብኛል። ዝም ብለህ ተኛ፤ የማወራው እኔ ነኝ።”

አያና መሬት ላይ በተነጠፈለት ሰሌን ላይ ፊቱን የጥጥ ትራስ ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል። የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጫኝ ነው። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚመጣ የጥጥ እስር ከፉርጎ ሲያወርድ ወገቡን ይዞት፣ ሁለት ሰው ደግፎት ነበር ወደ ወይዘሮ የሺሐረግ ቤት የገባው። የሺሐረግ ወጌሻ ናት። ከጣቢያው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤቷ የስንቱን ጫኝ፣ የስንቱን ገበሬ ወገብ አሽታ አቅንታለች። ዛሬም እጅጌዋን ሰብስባ፣ መዳፏን ሞቅ ባለ የኑግ ዘይት ነክራ፣ ከአያና ወገብ ጀምራ በአከርካሪው ግራና ቀኝ በሁለት አውራ ጣቶቿ ቀስ እያለች ትወጣለች።

ከእነሱ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ በራሱ ምንጣፍ ላይ፣ የሥራ ባልደረባዋ በዛብህ ተገልብጧል። በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ ከሰቀለ በኋላ በፊቱ ላይ አሳልፎ የእግሩን ጣቶች ከአናቱ በላይ መሬት አስነክቷል። ዮጋ ነው። ያስተማረው ህንዳዊ የዚህ አቋም ስሙ “ማረሻ” ነው ብሎታል። አያና ታሽቶ እንዳበቃ፣ ገላው ገና ትኩስ ሳለ፣ ይህንኑ ስለሚሠራ በዛብህ አስቀድሞ መቶ ትንፋሽ ያህል ይዞ ያሳየዋል። አያና ፊቱ ትራስ ውስጥ ስለሆነ የሚያየው ነገር የለም፤ ግን ልማዳቸው እንዲህ ነው። በማረሻ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አገጩ ከደረቱ ስለሚጣበቅ መናገር አይችልም። በዛብህ ዛሬ ይህን ወዶታል። ለየሺሐረግ መንገር የሚገባውን ነገር ላለመንገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲሸሻት ሰንብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በዛብህ የዕቃ ባቡር ፍሬን ያዥ ሳለ ዱከም ላይ ከፉርጎ ወድቆ ወገቡ ተቀጨ። የሺሐረግ ሰባት ወር አሸችው። ቀና ብሎ መቆም ሲጀምር፣ አቃቂ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ ጎረቤቱ መታጠፍና መዘርጋትን፣ አየር ስቦ መልቀቅን አስተማረው። ሁለቱን ማጋጠም ግን የየሺሐረግ ሐሳብ ነበር። አንድ ቀን ጀርባውን ስትዳስስ ቆይታ፣ “እኔ የፈታሁት ወገብ በሳምንቱ ተመልሶ ይቋጠራል። ያንተ ግን እንዲህ ስትጣጠፍ ሰንብተህ አልተመለሰብህም። እስቲ እኔ ልፍታ፣ አንተ እንዳይቋጠር አድርግ” አለችው። እሷ ትፈታለች፣ እሱ ያጥፋል፣ እሱ ይዘረጋል። ከሳሪስ፣ ከቃሊቲ፣ ከዱከም ሰው በባቡር እየመጣ ቤቱን ሞላው።

ባለፈው ግንቦት አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ መቀመጥ አቅቶት አቃቂ ላይ ከባቡር ወረደ። አራት ቀን ታሽቶ፣ አራት ቀን ታጥፎ፣ ቀጥ ብሎ ተሳፈረ። ከወራት በኋላ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ደብዳቤ ላከ። ድሬዳዋ ላይ ቤት አዘጋጅቻለሁ፣ መጥታችሁ ሥሩ ይላል፤ በውስጡም ሁለት የሁለተኛ ማዕረግ ትኬት አለ። የሺሐረግ ማንበብ ስለማትችል ከፍቶ ያነበበው በዛብህ ነው። ነጋዴው የጠራቸው በስማቸው አልነበረም። “ያችን እጀ መድኃኒት ሴትና አብሯት የሚውለውን ሰውዬ” ብሎ ነበር የጻፈው። በዛብህ “አብሯት የሚውለውን ሰውዬ” የምትለዋን ሰባት ጊዜ አነበባት። በስምንተኛው ብዕር አነሣና፣ ሴትዮዋ ወገቧ ተሰብሮ የአልጋ ቁራኛ ስለሆነች ብቻዬን እመጣለሁ ብሎ መለሰ። ሁለተኛው ትኬት እንዳይባክን ደግሞ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ምንጣፉን ሊያስቀምጥ ወሰነ።

ባቡሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልፋል። ሻንጣው ከጠዋት ጀምሮ ጣቢያ ነው። ለየሺሐረግ የነገራት፣ የአያና ሥራ እንዳለቀ ሳሪስ ሄጄ የኑግ ዘይት አመጣለሁ ብሎ ነው። ሠላሳኛው ትንፋሽ ላይ ሳለ ስለ ዘይቱ ስታነሣ ሰማት።

“ዘይቱም ሊያልቅ ነው። ግን አላስብም፤ አንድ ትልቅ ሰው ሳሪስ ድረስ ሄደው ሊያመጡልኝ ነው። እሳቸው እኮ አሳቢ ናቸው። ለአንድ ጠርሙስ ዘይት ሻንጣ ሙሉ ልብስ ይዞ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ? መንገድ ላይ ቢፈስባቸው ቅያሪ እንዳያጡ ነው… እኔ ብሆን ባዶ እጄን ሄጄ፣ ቀሚሴ ላይ አፍስሼ፣ ያንኑ ለብሼ እመለስ ነበር። ለነገሩ እኔ ተመላሽ ነኝ…”

በዛብህ ቁጥሩ ጠፋበት። “እሳቸው” አለች? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ “አንተ በዛብህ” እንጂ አንቱ ብላው አታውቅም። ሌላ ሰው ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። በአቃቂ ሻንጣ ያለው እሱ ብቻ አይደለም። ከአንድ ጀምሮ እንደገና መቁጠር ያዘ።

“እሳቸውን የመሰለ ትሑት ደግሞ አላየሁም። ሁለት ሰው ለሠራው ሥራ ምስጋና ሲመጣ ብቻቸውን ይሸከሙታል። ለምን? የሌላው ትከሻ እንዳይጎብጥ ነዋ። አንተ ጫኝ ነህ፣ ሸክም ታውቃለህ… የሁለት ሰው ሸክም ለአንድ ሰው ይቀላል? ታዲያ እሳቸው አንድ ቀን ከበደኝ ብለው ሲያማርሩ አልሰማሁም። እንዲያውም ሰው ሲያመሰግናቸው አንገታቸው ይበልጥ ቀና ይላል። ምነው፣ እዚህ ጋ ነው የሚያምህ? ይኼ የቆየ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮ ስልህ የጀርባውን ማለቴ ነው እንጂ የሆድ አይደለም… የሆድ ቋጠሮ በዘይት አይፈታም።”

አውራ ጣቷን ከአያና ትከሻ ሥር አሳርፋ ስትጫን አያና በትራሱ ውስጥ አቃሰተ። በዛብህም አብሮት አቃሰተ፤ እሱን ግን ማንም አልነካውም።

“ዕውቀታቸውንማ ተወው። ስምንት ዓይነት መታጠፍ ያውቃሉ። እንደ ድመት ይታጠፋሉ፣ እንደ ድልድይ ይታጠፋሉ፣ እንደ ማረሻ ይታጠፋሉ። እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ጎንበስ ብሎ መሥራት። አተነፋፈሳቸውን ብታየው… በአንደኛው አፍንጫቸው ይስቡና በሌላኛው ይለቃሉ። በአንዱ በኩል የገባውን ሌላው እንዳያውቀው ነው መሰለኝ። እኚያ ህንድ መምህር ያስተማሯቸው ስምንቱን ነው። ዘጠነኛውን ግን እሳቸው ራሳቸው ጨመሩበት፤ አሁን ቃላቸውም ሳይቀር ይታጠፋል። ይህን ያህል ልምምድ ያለው ሰው ከየት ይገኛል?”

በዛብህ ላቡ ከደረቱ ወደ አገጩ፣ ከአገጩ ወደ አፍንጫው ይወርድ ጀመር። በተገለበጠ ሰው ላይ ላብ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሊጠርገው እጁን ቢያነሣ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል። ለመነሣት አሰበና ተወው። አሁን ከተነሣ ነገሩ እሱን እንደነካው ይታወቅበታል። ቁጥሩ እስኪሞላ ድረስ ምንም እንዳልሰማ መምሰል ይሻላል ብሎ ቆየ።

“አንዲት የማውቃት ሴት አለች፣ አያና። ጎረቤቶቿ ‘ሰውየው መቼ ነው ሽማግሌ የሚልክብሽ?’ እያሉ ያስቸግሯታል። እሷ ሞኝ ናት። ‘ወገቡ ይጽናለት፤ ሽማግሌ ለመላክም እኮ ቆሞ መሄድ ያስፈልጋል’ ትላቸዋለች። እንዲህ እያለች ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አሁን ወገባቸው ጸንቷል፣ ተመስገን ነው። ቆመው መሄድ ጀመሩ… መሄዱ ላይ ጎበዝ ሆነዋል።”

ይህኛውን በዛብህ አያውቅም ነበር። ጎረቤቶች ይህን ሲጠይቋት፣ እሷም እንዲያ ስትመልስ አንድም ቀን አልሰማም። ደግሞስ ቢሰማ ምን ያደርግ ነበር? የትንፋሹ ቁጥር እንደገና ጠፋበት፤ በዚህኛው ጊዜ አልፈለገውም።

የሺሐረግ ዘይቱን ጨምራ ወደ አያና ወገብ ተመለሰች። ድምጿ ጨዋታ እንደያዘ ሰው ለስላሳ ነው።

“ባቡርስ ቢሆን ምን ያህል ሠለጠነ መሰለህ። ዘንድሮ ለምንጣፍ ትኬት ይቆረጥለታል። ወሬ አይደለም፤ ከባቡሩ ጋር ድሬዳዋ የሚመላለሰው ትኬት ቆራጩ ኦላና ነው ዛሬ ጠዋት የነገረኝ። አንድ ምንጣፍ፣ ሁለተኛ ማዕረግ፣ በመስኮት በኩል፣ እስከ ድሬዳዋ። እኔ ሃያ ዓመት የባቡር ጩኸት እየቀሰቀሰኝ ኖሬ አንድ ቀን ተሳፍሬ አላውቅም። ምንጣፍ ቀደመኝ… መቅናቴ አይደለም፣ ይገባዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሲጋደምበት፣ ሲንከባለልበት፣ ረግጦት ሲነሣ አንድ ቃል ያልወጣው ምንጣፍ ነው። እንዲህ ያለ ዝምተኛ ካልተሸለመ ማን ይሸለማል? እዚህ ቤት ዝም ያለው ምንጣፉ ብቻ አልነበረም… ለሌላው ግን ወንበር አልተረፈም።”

በዛብህ ኦላና የሚለውን ስም ሲሰማ ዓይኑን ወደ ጎን አንከባለለ። ከተገለበጠበት ሆኖ የሚታየው የወለሉ ዳር ብቻ ነው። የአልጋው እግር፣ የየሺሐረግ ተረከዝ፣ የዘይቱ ማሰሮ ይታያል። ከአልጋው ሥር ጠዋት ያልነበረ አንድ ከረጢት አለ። አፉ ተከፍቶ ብርቱካን ወጥቶበታል።

“ብርቱካን ትወዳለህ? ስትነሣ እሰጥሃለሁ። ከድሬዳዋ አንድ ከረጢት ሙሉ መጥቷል። ለኔ እንኳ አይደለም፤ ለአንዲት በሽተኛ ነው። ወገቧ ተሰብሮ የአልጋ ቁራኛ ሆናለች አሉ፣ ምስኪን። አንድ ነጋዴ አፏን ያጣፍጥላት ብለው በኦላና እጅ ላኩላት። እኔ ውጪ ልብስ አሰጣለሁ፣ ኦላና ፊቱን አሳዝኖ መጣ። ‘በሽተኛዋስ እንዴት አደረች?’ አለኝ። ‘የቷ በሽተኛ?’ አልኩት። ነገረኝ… ደነገጥኩ። የታመመ መጠየቅ ደግ ነው ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤቷ የት እንደሆነ ብጠይቀው የኔው ቤት ሆኖ አገኘሁት። ገብቼ አልጋዋን ባይ ባዶ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትታመም፣ አያና፣ አንድ ሰው እንዴት አይነግራትም? አላወቀችማ። የሰው ወገብ ስታሽ ነው የከረመችው። እኔ ግን ደብዳቤውን የጻፉትን ሰው አልወቅስም። በሽታዋን ለራሷ ከመንገር ለሩቅ ሰው መንገር የመረጡት እንዳትደነግጥ ብለው ነው… ሩኅሩኅ ናቸው።”

ከዚህ በኋላ በዛብህ አልቻለም። እግሩን መልሶ ሊነሣ ወገቡን ወረወረ። በዚያች ቅጽበት ከታችኛው አከርካሪው ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወገቡ ወደ ፊትም አልሄድ፣ ወደ ኋላም አልመለስ አለ። ዱከም ላይ የተቀጨችው ቦታ ናት። ያችን ቦታ የሚያውቃት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሁለት ክንድ ርቆ የሌላ ሰው ጀርባ ላይ አጎንብሷል። “የሺ” ሊል ሞከረ። የወጣው “እም” ብቻ ነው።

እሷ እጇን ሳታቆም አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ አያና ተመለሰች።

“አንዳንድ ሰው ሥራውን ከመውደዱ የተነሣ ከሥራው መነሣት ያቅተዋል። እኔ አንተን ስጨርስ እነሣለሁ፤ የኔ ፍቅር እስከዚያው ድረስ ነው። እውነተኛ ባለሙያ ግን ባቡር ቢመጣበትም አይነሣም…”

ከቃሊቲ በኩል ባቡሩ ጮኸ።

የሺሐረግ የአያናን ጀርባ መታ መታ አድርጋ እንዲነሣ ነገረችው። አያና በእጁ ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያም ቆመ። ወገቡ ቀጥ አለለት። ወገቡን ይዞ ግራና ቀኝ ሲዞር በዛብህ ላይ ዓይኑ አረፈና ፈገግታው ጠፋ። የበዛብህ ፊት ቀይ ሥር መስሏል፤ እግሮቹ በአናቱ በኩል ይንቀጠቀጣሉ። አያና ወደ የሺሐረግ ዞሮ በጣቱ አመለከታት።

“አዎ፣ አይቻለሁ። ልቤ እንዴት እንዳዘነ ብታውቅ… ሁለት አውራ ጣትና አንድ ጉልበት ነው የሚፈልገው። እስከ አሥር ሳትቆጥር ያልቅ ነበር። ግን ማን ይሽ? የዚህ ቤት ወጌሻ ወገቧ ተሰብሮ ተኝታለች። ተጽፏል፤ ማኅተም ተመትቶበት በፖስታ ሄዷል። አሁን እሷ ተነሥታ ብታሽ እኚያ ትልቅ ሰው ዋሹ ሊባል አይደለም? እኔ የሰው ስም አላጠፋም። በል፣ ብዙ ቆምኩ፤ ለበሽተኛ ጥሩ አይደለም።”

እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ አልጋዋ ላይ ወጣች፣ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ ተኛች። አንደኛው እጇ ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ ተንጠለጠለ። በዛብህ በዓይኑ ዳር ያን እጅ ያየዋል። ዘይቱ ገና ያብረቀርቃል። በእነዚያ ሰባት ወራት፣ ሕመሙ ሲብስበት፣ ይህ እጅ ሲያርፍበት ገና ሳይጫነው ነበር የሚሻለው። አሁን ወለሉን በክርኑ ቢገፋ እንኳ አይደርስበትም። ያ ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “አብሯት የሚውለው ሰውዬ” መባል ክፉ ማዕረግ እንዳልነበረ ታየው።

“አያና፣ ጣቢያ የሚደርስ ዕቃ አለ። ከወገብህ ሳይሆን ከጉልበትህ አንሣ፤ ገና አሁን ነው ያሸሁህ። ምንጣፉን ጠቅልለህ በመስኮት በኩል አስቀምጥልኝ፣ ትኬቱ የሱ ነው። ሌላውን ከጎኑ አስደግፈው። ብርቱካኑንም ከራስህ ድርሻ የቀረውን አስይዘው፤ ለበሽተኛ የተላከ ለበሽተኛ ይድረስ። አደራ፣ መንገድ ላይ ልዘርጋው ብለህ እንዳትታገል። ሌላው ባለሙያ ከደረሰ በኋላ ነው ሙያውን የሚያሳየው… እሳቸው እያሳዩ ይደርሳሉ።”

አያና ጉልበቱን አጠፈና በዛብህን እንደ ጥጥ እስር ትከሻው ላይ አወጣው። ምንጣፉን በብብቱ፣ ከረጢቱን በእጁ ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኦላና ለአቃቂ ሰው ሁሉ አውርቶታል። ሞጆ ላይ ሦስት መንገደኞች ሊዘረጉት ሞክረው አልሆነላቸውም። ናዝሬት ላይ ባቡሩ በኃይል ሲቆም በራሱ ጊዜ ተዘረጋና ፊት ለፊቱ የተቀመጡ ሽማግሌ ባርኔጣ በእግሩ ተመትቶ ተወረወረ። ድሬዳዋ ሲደርስ ነጋዴው ጣቢያ ድረስ መጥቶ የመጀመሪያ ጥያቄው “በሽተኛዋስ እንዴት ናት?” የሚል ነበር። በዛብህ “ደህና ናት” ብሎ ብቻ መለሰ፤ ጥያቄው ግን በየጠዋቱ ይመጣበት ጀመር። ይህ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው። ያን ጊዜ ገና ደጃፉን አልተሻገሩም።

“ቆይ፣ ሳልመርቅ አትውጣ” አለች የሺሐረግ ከአልጋው።

ባቡሩ ጣቢያው ላይ ሲቆም ይሰማል። ቢሆንም ምርቃት አቋርጦ መውጣት ነውር ነውና አያና መቃኑ ሥር ቆመ። በዛብህ ትከሻው ላይ እንደተገለበጠ፣ ከልጅነቱ የለመደ ስለሆነ፣ ገና የመጀመሪያውን ስትጀምር ከንፈሩ በራሱ ጊዜ ለአሜን ተንቀሳቀሰ።

“መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው፣ አያና… ያሰቡበት ያድርሳቸው። ጤና አይንሣቸው። ሲርባቸው የሚያጎርሳቸው፣ ሲወድቁ የሚያነሣቸው አይጡ። እኔ እንግዲህ ተነሥቼ አልሸኛቸውም፤ አንድ ነገር ግን ከልቤ እለምንላቸዋለሁ። በሄዱበት አገር ሁሉ እግዚአብሔር አምሳያቸውን ይስጣቸው። ቁርጥ እሳቸውን የመሰለ፣ እሳቸው ለሰው የሆኑትን ያህል የሚሆንላቸው ወዳጅ… እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያም ከጎናቸው አይለይ።”